ስማርት ባንድ ባትሪው ስለደከመ ብቻ አይጣል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጠዋት ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው፣ ሆጤ ሜዳ ላይ በሚሮጠው፣ ሐኪም «በየቀኑ ተራመድ» ባለው የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ እጅ ላይ ስማርት ባንድ (እርምጃና የልብ ምት የሚለካ የእጅ ማሰሪያ) ማየት ደሴ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙው ግን ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ያመጣችው ወይም ወንድም ተጠቅሞበት ያስተላለፈው ነው። እዚህ ሲደርስ ባትሪው ዓመታት ያለፉበት ይሆናል። ባለቤቱ «ቻርጅ አይዝም» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ የሚሰማው መልስም ብዙ ጊዜ «ይሄ አይከፈትም፤ ጣለው» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሞባይልና በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን። መልሱ ትክክል አይደለም ብለን እናምናለን። ከሚጣሉት ባንዶች ባትሪያቸው ጨርሶ ያልሞተ አሉ። የሞተውም በአብዛኛው ይቀየራል። የማይቀየርም አለ፤ እሱም ቢሆን ከቤት ቆሻሻ ጋር ተጠርጎ የሚሄድ ዕቃ አይደለም።

ከሁሉ በፊት እብጠት ይታይ። ባንዱን ከማሰሪያው አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዝቅ ብላችሁ ከጎን ተመልከቱት። ስክሪኑ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ቀጭን ክፍተት ካሳየ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ካለው ባትሪው ተነፍቷል። የተነፋ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ እጅ ላይም አይታሰርም። ተጭኖ ወደ ቦታው መመለስ፣ ይባስ ብሎ በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ እሳት መጥራት ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌው ደግሞ በፀጉር ቀጭን ርቀት የተለያዩትን ሁለት ፎይሎች ያገናኛቸዋል።

እዚህ ላይ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የባትሪው ሽፋን ለስላሳ ፖስታ ስለሆነ በውስጡ የተጠራቀመ ጥቂት ጋዝ ካለ ባሕር ጠረፍ ባለችው ጅዳ ላይ ሳይታይ ቆይቶ እዚህ ሲደርስ በሲሶ ያህል ይሰፋል። «ከመጣ ወዲህ ነው ያበጠው» የሚሉ ደንበኞች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ጋዙ ግን እዚያው ሳለ የተፈጠረ ነው። ጤነኛ ባትሪ በከፍታ ምክንያት ብቻ አይነፋም።

እብጠት ከሌለ ባትሪውን ከመወንጀል በፊት መጠርጠር ያለባቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቻርጅ መቀበያው ነው። ከባንዱ ጀርባ ያሉት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የብረት ነጥቦች ቀኑን ሙሉ ላብ ላይ ይውላሉ። ላብ ጨው አለው፤ ጨውና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ብረቱን ይበሉታል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነክራችሁ ነጥቦቹንም የቻርጀሩን ፒኖችም እሹ። የፋርማሲው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ቻርጅ ከማድረጋችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ይድረቅ። በቢላ ወይም በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ወርቅማውን ልባጥ ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝገቱ በየሳምንቱ ይመለሳል። የቻርጀሩ ፒኖች ስፕሪንግ አላቸው፤ በጣት ስትጫኗቸው ገብተው ካልተመለሱ አይነኩም፣ ካልነኩ ቻርጅ አይገባም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ፒኖቹ ላይ 5 ቮልት መድረሱን ይለካ፤ ከ4.75 በታች ከሆነ ገመዱ ወይም አዳፕተሩ ነው የታመመው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፓወር ባንክ ነው። መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ባንዱን ከፓወር ባንክ ጋር ያያይዘዋል። አብዛኞቹ ፓወር ባንኮች ግን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆን «ምንም አልተሰካም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የስማርት ባንድ ባትሪ የሚቀበለው ከ100 ሚሊአምፔር ብዙም የማይበልጥ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ጠዋት 30 በመቶ ላይ ያገኘውና ባትሪው ሞተ ይላል። በግድግዳ አዳፕተር ወይም በኮምፒውተር ዩኤስቢ ሁለት ሰዓት ሞክሩት። መቶ ከሞላ ያለመሙላቱ ጥፋት የፓወር ባንኩ ነበር።

ሦስተኛው ቅንብሩ ነው። ሒሳቡን እንየው። ሻኦሚ ሚ ባንድ 4 ባለ 135 ሚሊአምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ባትሪ ሲሆን አምራቹ እስከ 20 ቀን ይቆያል ይላል። ይህ በቀን 6.75 ሚሊአምፔር-ሰዓት ማለት ነው፤ በአማካይ 0.28 ሚሊአምፔር። የልብ ምት በየደቂቃው ሲለካ፣ እጅ በተነሣ ቁጥር ስክሪን ሲበራ፣ የቴሌግራም መልእክት ሁሉ በንዝረት ሲመጣ ይህ ቁጥር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በሦስት እጥፍ አዲሱ ባትሪ እንኳ ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሁን፦ መቶ ሙሉ፤ የልብ ምት መለኪያውን አጥፉ፤ እጅ ሲነሣ መብራቱንና ማሳወቂያዎቹን ዝጉ፤ ስልኩ በአቅራቢያ ይሁን። ከዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት በመቶ እንደወረደ ጻፉ። ለ20 ቀን የተሠራ ባንድ እንዲህ ሆኖ በቀን 5 በመቶ አካባቢ ቢወርድ ጤነኛ ነው። 10 በመቶ ከሆነ ግማሹ አቅም ቀርቷል፤ ቅንብሩን ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው አሁንም ያገለግላል፣ መክፈት አያስፈልገውም። 25 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የመቀየር ነገር የሚነሣው።

ቁጥሩ በዝግታ ሳይሆን በዝላይ የሚወርድ ከሆነም ልብ በሉ። 45 በመቶ ሲል ቆይቶ በንዝረት ጊዜ ድንገት የሚጠፋና ቻርጅ ላይ ሲሰካ ወዲያው 40 የሚል ባንድ አቅም ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳይፈስ የመያዝ) ችግር አለበት። ሞተሩ ሲነዝር ወይም የልብ ምቱ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠየቃል፤ ያረጀው ባትሪ ያን መስጠት ሲያቅተው ቮልቴጁ ተንሸራቶ ይወርድና ቦርዱ (የባንዱ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይጠፋል። ቅዝቃዜ ይህን ያብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወገል ጤና ላይ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ባንድ ጠዋት «ሞቶ» ይገኝና እጅ ላይ ከታሰረ በኋላ ይነሣል። ይህ የእርጅና ምልክት ነው እንጂ የቦርድ ብልሽት አይደለም። ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ግን አይገባም፤ ሊትየሙ ወደ ቦታው በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፣ ያም የማይመለስ ጉዳት ነው።

ባትሪው የሚሞተው ብዙ ስለተሞላ ነው የሚለው እምነት በስማርት ባንድ ላይ እምብዛም አይሠራም። እንዲህ ያለ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ 80 በመቶ አቅሙን ይይዛል ተብሎ ነው የሚሠራው። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚሞላ ባንድ በዓመት 26 ጊዜ፣ በአራት ዓመት መቶ ጊዜ ያህል ነው የሚሞላው። ታዲያ ምን ገደለው? ዕድሜና ሙቀት፣ ከዚያም ባዶውን መቀመጥ። በ25 ዲግሪ በከፊል ተሞልቶ የተቀመጠ ሊትየም ባትሪ በዓመት የሚያጣው ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ በ40 ዲግሪ ሙሉውን ሆኖ የተቀመጠ ግን በግምት ሲሶውን ያጣል። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ፣ ቆቦ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር የተቀመጠ ባንድ ከዚህ በላይም ይሞቃል። የማትጠቀሙበትን ባንድ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩ እንደገና ሙሉት።

ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ከርሞ «አልነሣም» ያለ ባንድ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ባትሪው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ የመከላከያ ቦርድ ቮልቴጁ 2.4 አካባቢ ሲደርስ መስመሩን ትቆርጣለች፤ በሁለቱ ገመዶች ላይ ሲለካ ዜሮ ይመጣል። ትክክለኛው ልኬት ከመከላከያ ቦርዷ በፊት፣ በባትሪው በራሱ ሁለት ምላሶች (ከፖስታው በሚወጡት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ የሚገኘው ነው። እዚያ ከ2.5 እስከ 3 ቮልት ካለ ተስፋ አለው፤ የባንዱ ቻርጀር መጀመሪያ በትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚጀምር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሳትነቅሉ ጠብቁት። ከ2 ቮልት በታች ከወረደ ግን ይጣል። በዚያ ደረጃ ውስጡ ያለው የመዳብ ፎይል መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ሲሞላ የሟሟው መዳብ በማይፈለግበት ቦታ ይጠጥራል፤ ባትሪውም ከውስጥ ሾርት ለማድረግ ይዘጋጃል። በየጥገና ቤቱ የሚታየውን፣ የሞተ ባትሪን በፓወር ሰፕላይ ወይም በ9 ቮልት ባትሪ «ቀስቅሶ» ለደንበኛ መመለስ አጥብቀን እንቃወማለን። ለአንድ ሳምንት ሊሠራ ይችላል። የሚተኛበት ቦታ ግን የሰው እጅ ላይ፣ ሌሊት ከልጅ አጠገብ ነው።

ወደ መክፈት እንምጣ። በቅድሚያ ባንዱን ከስልኩ ጋር አገናኝታችሁ ያለውን መረጃ ወደ አፑ አስገቡ፤ ባትሪው ሲነቀል ያልተላለፈ እርምጃ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ባትሪውን ወደ 20 በመቶ አካባቢ አውርዱት፤ በሥራ መሀል ጉዳት ቢደርስ የሚለቀቀው ጉልበት ያነሰ ይሆናል። አብዛኞቹ ባንዶች መስታወታቸው በሙጫ የተያዘ ነው። ሙጫው በ70 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ የፀጉር ማድረቂያ ወይም የስልክ ስክሪን ማሞቂያ ፕሌት ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። መስታወቱ በጣት ለመያዝ ሲያስቸግር ደርሷል። ሻማና ላይተር አይታሰብ፤ ሙቀታቸው አይለካም፣ ባትሪውም ከመስታወቱ በታች ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ነው። ከዚያ ከአሮጌ ራጅ ፊልም የተቆረጠ ቀጭን ምላስ ከጠርዙ አስገቡ። ከ2 ሚሊሜትር በላይ አይግባ። አንዱ ጎን ላይ ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኝ ሪባን (ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ) አለ፤ በየትኛው ጎን እንዳለ ስለማይታወቅ መስታወቱ ዙሪያውን ከለቀቀ በኋላ እንደ መጽሐፍ ሽፋን በቀስታ ብቻ ይነሣ። በኃይል የተነሣ መስታወት ሪባኑን ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ ባንዱ በእውነት አልቆለታል። ባትሪውም ከሥሩ በሙጫ ተጣብቆ ይሆናል። በካቻቢቴ መቆፈር ክልክል ነው፤ ጥቂት ጠብታ አልኮል ከሥሩ አንጠባጥቦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና በዚያችው ፊልም መላጥ ይሻላል።

ባትሪው ከወጣ በኋላ ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ይረጋገጥ። አንዳንዴ ላብ ገብቶ ቦርዱን ያረጠበውና ኤሌክትሪክ በድብቅ የሚያፈስ ባንድ ያጋጥማል፤ እዚያ ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁ ለብቻው 24 ሰዓት አስቀምጡት። ከ4.1 ቮልት በላይ ከቆየ ራሱን አያፈስም፤ ቦርዱ ይመርመር። በአንድ ሌሊት ከ4.0 በታች ከወረደ ጥፋቱ የባትሪው ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ምትክ መምረጥ። በእነዚህ ትናንሽ ባትሪዎች ላይ የሚጻፈው ስድስት አኃዝ ቁጥር መጠኑን ይናገራል። 401015 ቢል 4.0 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 10 ሚሊሜትር ስፋት፣ 15 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። አሮጌው ላይ ቁጥር ከሌለ የባትሪውን ቤት በካሊፐር (የሚሊሜትር መለኪያ) ለኩ። አሮጌውን ባትሪ አትለኩ፤ ትንሽም ቢሆን ሳይነፋ አይቀርም። ምትኩ ከቤቱ ውፍረት ቢያንስ 0.3 ሚሊሜትር ያነሰ ይሁን፤ ማንኛውም ጤነኛ ባትሪ በዕድሜው ጥቂት ይወፍራል፤ ቦታ ካጣ ስክሪኑን ይገፋዋል። በርዝመትና በስፋት ማነስ አይጎዳም፣ የሚቆይበት ቀን ብቻ ይቀንሳል። አቅሙ ከአሮጌው ጋር መቀራረብ አለበት፦ ሚ ባንድ 2 ባለ 70፣ ሚ ባንድ 3 ባለ 110፣ ሚ ባንድ 5 ባለ 125 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነበሩ። በጣም አነስተኛ ባትሪ ከተገጠመ የባንዱ ቻርጀር ከሚችለው በላይ ይገፋዋል፤ ከዋናው ግማሽ በታች እንዳይሆን እንመክራለን።

ላዩ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ አይታመንም። 4 በ10 በ15 ሚሊሜትር የሆነ ባትሪ 0.6 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ ከ40 እስከ 50 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቢይዝ ደንበኛ ነው። 200 ብሎ ከተጻፈበት ጽሑፉ ውሸት ነው። ሲገዛ በመልቲሜትር ይለካ። ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት ጥሩ ነው፤ ከ3 በታች ከሆነ አዲስ ቢመስልም መደርደሪያ ላይ ያረጀ ስለሆነ ይመለስ።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቮልቴጁ ነው። አሮጌው ባትሪ ላይ 3.7 ቮልት የሚል ካለ ሙሉው 4.2 ነው። 3.8 ካለ 4.35፤ 3.85 ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ 4.4 ነው። ቻርጀሩ ቦርዱ ላይ ስላለ አዲሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ይሞላል። 4.4 በሚሞላ ባንድ ላይ ባለ 4.2 ባትሪ መግጠም በየቻርጁ ከልክ በላይ መሙላት ነው፤ እብጠትና እሳት ያመጣል። የመከላከያ ቦርዷም የምትቆርጠው ወደ 4.3 ስትጠጋ ነው፤ በእሷ ላይ ተማምኖ በየቀኑ ድንበሩን መርገጥ ሥራ አይደለም። በተቃራኒው ባለ 4.4 ባትሪ 4.2 በሚሞላ ባንድ ላይ ቢገጠም አቅሙ በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ ጉዳት የለውም። አሮጌው ላይ ጽሑፍ ከሌለ ከመነቀሉ በፊት ባንዱ «መቶ ሞላ» ሲል ባትሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ ይለካና ይጻፍ።

ምትኩ ከየት ይገኛል ቢባል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉት የብሉቱዝ ማዳመጫዎች ውስጥ ያሉት ጠፍጣፋ ባትሪዎች ብዙ ጊዜ ለባንድ ይመጥናሉ። ማዳመጫው ድምፁ ተበላሽቶ የተጣለ፣ ባትሪው ግን ጤነኛ የሆነ ከሆነ ጥሩ ምንጭ ነው። ከውጭ በፖስታ ማዘዝ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት አለ፦ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊትየም-አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት አይሄድም። ዘመድ የሚመጣ ከሆነ ግን በእጅ ሻንጣው፣ ሁለቱን ጫፎች በናስትሮ ሸፍኖ ማምጣት ይችላል። በሚጫነው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አይደረግም።

ለባልደረቦቻችን አንድ የሙያ ነገር። የተገኘን ባትሪ ከባንዱ ውጪ ለመፈተን በየሱቁ ያለችው ቲፒ 4056 ቻርጀር ሞጁል ከነሁኔታዋ አትሆንም። ስትሸጥ 1 አምፔር እንድትሰጥ ሆና ነው፤ ለ100 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ይህ አሥር እጥፍ ነው። ላይዋ ያለችውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አንሥታችሁ በ24 ኪሎ ኦም ተኩ፤ ወደ 50 ሚሊአምፔር ትወርዳለች።

ብየዳው አጭር ይሁን። ገመዶቹ አንድ በአንድ ይቆረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ መቀስ ብረት ስለሆነ ሾርት ያደርጋል። የተቆረጠው ጫፍ ወዲያው በናስትሮ ይሸፈን። መበየጃው ከ320 እስከ 350 ዲግሪ፣ ጫፉ ቀጭን፣ የብየዳ ሊዱ 0.5 ሚሊሜትር፣ ንክኪው ከሁለት ሰከንድ ያልበለጠ። በባትሪው ምላስ ላይ በቀጥታ አይበየድ፤ ሙቀቱ የፖስታውን ማሸጊያ ያቀልጠዋል። የሚበየደው ገመድ ከገመድ ወይም ከመከላከያ ቦርዷ ነጥብ ጋር ነው። ቀይ ሁሉ ፖዘቲቭ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ። የተገለበጠ ባትሪ ቦርዱን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ሦስተኛ ገመድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም የሙቀት መለኪያ ነው፤ ከአሮጌው ላይ ተነቅሎ ወደ አዲሱ ይዛወር እንጂ አይተው። ያለ እሱ አንዳንዱ ባንድ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ አንዳንዱም ሙቀት ሳያውቅ ይሞላል።

መስታወቱ ከመዘጋቱ በፊት ባንዱ ክፍት ሆኖ አንድ ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፤ ሰው አጠገቡ ይሁን። ለብ ማለት ያለ ነው፤ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከሞቀ ይነቀል። ከዚያ አሮጌው ሙጫ ተላጦ በቢ 7000 ወይም በቲ 7000 የስክሪን ሙጫ ይዘጋ። ለስላሳ ላስቲክ ታስሮ 24 ሰዓት ይቆይ። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ እንፋሎቱ መስታወቱን ከውስጥ ያነጣዋል፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ነው፣ ወደፊትም መክፈት አይቻልም።

አንዴ የተከፈተ ባንድ «ውሃ አይገባውም» የሚለው የፋብሪካ ዋስትና የለውም። ጠጋኙም ይህን ለደንበኛው ሳይሸሽግ ይንገረው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ሲታጠብ ያውልቀው፤ ጸበል የሚገባም እንዲሁ። ዝናብና ላብ ይችል ይሆናል፤ ቧንቧ ሥር መታጠብ፣ ሐይቅ መግባት አይችልም።

ሳይበየድ የሚቀየርም አለ። የፊትቢት ዚፕ በአንዲት ሲአር 2025፣ የሚስፊት ሻይን በሲአር 2032፣ የመጀመሪያው ጋርሚን ቪቮፊት በሁለት ሲአር 1632 ክብ ባትሪ ነው የሚሠሩት። ክዳኑን ከፍቶ መተካት ብቻ ነው። የጎማዋ ማሸጊያ ቀለበት ትታይ፤ ከተሰነጠቀች ውሃ ይገባል። በሲአር ፈንታ ኤልአይአር 2032 የሚል ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ መክተት ግን ስሕተት ነው፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ለ3 ቮልት የተሠራውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ክብ ባትሪ የዋጠ ልጅ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል፣ እንዲያስታውክም አይደረግ።

የወጣው አሮጌ ባትሪ ጉዳይ ቀረ። ሁለቱ ጫፎቹ ለየብቻ በናስትሮ ይሸፈኑ። የተነፋ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ባለበት ሸክላ ወይም ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ፣ ከቤት ውጪ ይቀመጥ። ጭስ ካወጣ ማንም ጭሱን አይተንፍስ፤ መርዛማ ነው። ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ሲቃጠል ያው ጭስ ሰፈር ውስጥ ይገባል፤ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቢጣል ውሃውን ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊቀይረው እንዲችል ሆኖ እንዲሠራ አዟል፤ ለውሃ የተሠሩ ዕቃዎች ላይ ልዩ ሁኔታ ቢኖረውም። የሚመጡት ባንዶች ለመክፈት የሚቀሉ ከሆኑ ለእኛም ይጠቅመናል። እስከዚያ ግን በእጃችን ያሉት በሙጫ የታሸጉት ናቸው።

ስለዚህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች አንድ ጥያቄ አለን። የሞባይል ጥገና ቤቶች በተሰበሰቡባቸው ቦታዎች፣ ከዝናብ የተጠለለ፣ አሸዋ የተነጠፈበት፣ ክዳን ያለው አንድ አንድ የብረት ሣጥን ይቀመጥ። ሲሞላ ወደ አዲስ አበባ የሚላክበት መንገድ ይመቻች። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ ያላቸው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች የተሰበሰበውን እየለኩ ጤነኛውን ከሞተው ቢለዩ፣ ከሚጣለው ውስጥ ለምትክ የሚሆን ባትሪም ይወጣል። ባትሪዎቹን ጫፋቸውን ሸፍነን፣ የተነፋውን ከጤነኛው ለይተን በየሳምንቱ ወደ ሣጥኑ ለማድረስ እኛ ዝግጁ ነን። የሣጥኑን አሠራርና የአሸዋውን መጠን በተመለከተ የሚጠይቀን ክፍል ካለም ቀርበን እናስረዳለን።

ከአክብሮት ጋር
በሞባይልና በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች
ደሴ፣ ወሎ